የቆሻሻ ጋሪው ከቅያሳችሁ እንዳይቀር፦ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ

ነገሩ የሚጀምረው በድምፅ ነው። በራችሁ ላይ ቆመው "ቆሻሻ!" ይሉ የነበሩት ሰዎች ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ በኩል መምጣት ይጀምራል። ማዳበሪያችሁን ይዛችሁ ስትሮጡ ጋሪው ሄዷል። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ይቀራሉ። ከዚያ ሁለት ቀን። ከዚያ አንዱ ጎረቤት "ከእንግዲህ አስፋልት ድረስ አውጡ ተብሏል" ይላችኋል። ማን እንዳለ ግን አይታወቅም።

እኛ ቅያስ ውስጥ ይሄ በሆነ በሦስተኛው ቀን መታጠፊያው ላይ ካለው የመብራት ፖል ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ታየ። ማን እንዳስቀመጠው ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። በሳምንቱ ስድስት ሆነ። በወሩ ውሻ የሚጎትተው፣ ዝናብ የሚያጥበው ክምር። ከፖሉ ፊት ለፊት ያሉት እናት መስኮታቸውን ዘግተው መኖር ጀመሩ።

34 ቤት ያለበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ጋሪውን ለመመለስ ሰባት ወር ገደማ ፈጅቶብናል፤ ግማሹ ጊዜ የባከነው በራሳችን ስህተት ነው። እናንተ ሁለት ወር እንዲበቃችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባን ነው የማወራው። ሌላ ከተማ ያላችሁ የመሥሪያ ቤቱን ስም ቀይሩት እንጂ አካሄዱ ብዙም አይለይም።

1. ወረዳ ከመሮጣችሁ በፊት ጋሪ የሚስቡትን አናግሩ

የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ "ሄደን እንክሰሳቸው" ነው። ተዉት። ቆሻሻውን የሚሰበስቡት በማህበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ሴቶች። በእኛ አካባቢ ማህበሩ የሚከፈለው በሰበሰበው መጠን እንጂ ባንኳኳው በር ብዛት አይደለም። እስቲ አስቡት፤ ኮንዶሚኒየም ግቢ አንድ ቦታ ቆሞ ጋሪ የሚሞላ ሰው እናንተ ጉራንጉር ውስጥ ገብቶ ለዚያው ጋሪ ሁለት ሰዓት ሲለፋ ያተረፈው ነገር የለም። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ሒሳብ ነው።

አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በፔርሙዝ ሻይ ይዤ አስፋልቱ ጋ ጠበቅኳቸው። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ድረስ የጠመጠመች ሴት ነበረች። ለምን መግባት እንደተዉ ስጠይቃት ብዙም አላወራችም፤ ና ብላ ወደ ቅያሱ ይዛኝ ገባች። ለቧንቧ ተቆፍሮ ኮብልስቶኑ እንደነገሩ የተመለሰበት ቦታ አለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጉድጓድ። "ባዶውን እናልፈዋለን፤ ሲሞላ ግን ለሦስት ነው የምናነሳው" አለችኝ። ከዚያ የጋሪውን ጎማ አዞረችው። ዙሪያው ተጣሞ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ጎማውን የሚያሠሩት ከኪሳቸው ነው። እኔ በዚያ ጉድጓድ ላይ በቀን ሁለቴ እየተራመድኩ ለስድስት ወር አላየሁትም።

ስታናግሯቸው እነዚህን ጠይቁ፦ ጋሪው የት ላይ ይቸገራል? የትኛው ዓይነት ቆሻሻ ይከብዳችኋል? ስንት ሰዓት ብትመጡ ይቀላችኋል? የምትገለብጡበት ገንዳ የት ነው፣ በስንት ቀኑ ይነሳል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሱ። ጋሪው ወደ ገንዳ ነው የሚሄደው፣ ገንዳውን መኪና ያነሳዋል፣ መኪናው ወደ ረጲው የቆሻሻ ማስወገጃ ይወስደዋል። መኪናው ከቀረ ገንዳው ይሞላል፣ ገንዳው ከሞላ ጋሪው የሚገለብጥበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ እናንተ በር ላይ አይመጣም። የሰንዳፋው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ ጥቂት ወራት እንደሠራ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ሲዘጋ ምን እንደሆነ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ያን ክረምት ቆሻሻው መንገድ ዳር ተከምሮ ነበር። የዚያን ጊዜ የጋሪ ሳቢዋ ጥፋት ምን ነበር? ምንም። ችግራችሁ የገንዳ ከሆነ የቅያሱን ድንጋይ ብታስተካክሉ ወፍ የለም። ችግሩ የድንጋይ ከሆነ ደግሞ ወረዳ ሄዶ ስለ መኪና መጮህ ጊዜ ማባከን ነው።

2. ለሦስት ሳምንት መዝግቡ

አንድ ደብተር በቂ ነው። ቀን፣ መጡ ወይስ አልመጡም፣ ስንት ሰዓት፣ እስከ የት ገቡ። አለቀ። ከፖሉ ሥር ያለውን ክምር በየሰኞው ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ሜትር ይዛችሁ የቅያሱን ጠባብ ቦታ ለኩ፤ የጋሪውንም ስፋት ለኩ። እኛ ጋ የመንገዱ ጠባቡ ቦታ አንድ ሜትር ከአርባ ሆኖ ተገኘ፣ ጋሪው ያልፋል። ነገር ግን ማታ ማታ እዚያው ላይ ባጃጅ የሚያቆም ልጅ ነበር፤ ጠዋት እስኪያወጣው ድረስ መንገዱ ዝግ ነው። ይህን ከመመዝገባችን በፊት "መንገዱ ጠባብ ነው" ተብለን አምነን ተቀምጠን ነበር። መንገዱ ጠቦ አይደለም።

3. ሰው ሰብስቡ፣ ግን ተጠንቀቁ

ቅያሱ ውስጥ እድር ካለ አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትድከሙ። የእድሩን ሰብሳቢ በወሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ለምኑ። ሰው እዚያ ይገኛል፣ አለመገኘት ቅጣት አለዋ። እድር ከሌለ አንድ ቤት ቡና አስፈሉና ጥሩ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዓርብ እኩለ ቀን ሶላት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ተበላሽቷል። ምክንያቱም አንዱ ተነስቶ "ፖሉ ሥር የጣለው ማነው?" አለ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ እርስ በርስ ተባባልን፣ የድሮ የአጥር ጠብ ሳይቀር ተነሳ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፣ ሁለት ሰው ተኳርፎ ወጣ። ስለዚህ ስብሰባውን የሚመራው ሰው ገና ሲጀምር "ማን ጣለ የሚባል ነገር ዛሬ አይነሳም" ይበል። በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ የማይቆጡ ሰው ይምሩት። እኛ ሁለተኛውን ስብሰባ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መሩልን፤ ጋሼ ሲናገሩ ማንም አያቋርጣቸውም።

ሌላው ስህተታችን የተሰብሳቢው ነገር ነው። የተቀመጥነው ሰዎች አብዛኞቻችን ማዳበሪያ ተሸክመን የማናውቅ ነን። ቆሻሻውን የሚያወጡት የቤት ሠራተኞች፣ ልጆችና የተከራይ ሚስቶች ናቸው። በሦስተኛው ስብሰባ አንድ የቤት ሠራተኛ ልጅ በሩ ጋ ቆማ ሰምታ ሰምታ "እነሱ እኮ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ነው የሚመጡት፤ እኔ ያኔ ወፍጮ ቤት ነኝ" አለች። ዘጠኝ ቤት ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ጋሪው ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ የሚከፍት የለም፣ ይሄዳል፤ ማታ ባለቤቶቹ "አልመጡም" ይላሉ። ከሁሉ የጠቀመን ንግግር ያ ነው። እነዚህን ሰዎች ጥሩ፣ ወንበር ስጧቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ተከራዮችንም አትርሱ፤ "ነገ የሚለቅ ሰው ምን አገባው" የሚል አከራይ አይጠፋም፣ ግን ቆሻሻው የተከራይና የባለቤት ብሎ አይሸትም።

የመጀመሪያው ቀን ገንዘብ አታንሱ። መዋጮ የሚል ቃል ሲሰማ ግማሹ ሰው ስልክ ይደወልለታል።

አምስት ሰው ምረጡ፣ ከአምስት በላይ አይሁን። አንድ ከማህበሩ ጋር የሚያወራ፣ አንድ ደብተሩን የሚይዝ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት የሚመላለሱ፣ አንድ ደግሞ ስልክ የሌላቸውን አዛውንቶች እየዞረ የሚነግር። የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ግን ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ "መጥተዋል" ወይም "አልመጡም"፣ ከፎቶ ጋር። እኛ ይህን ደንብ ሳናወጣ "መልካም ቀን" የሚል አበባ በቀን አርባ እየገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ዘጋው። ጋሪው መጥቷል የሚለው መልእክት አበባ ሥር ተቀበረ።

4. በእናንተ እጅ ያለውን መጀመሪያ ጨርሱ

ይሄ ክፍል ነው ጋሪውን የሚመልሰው። ደብዳቤው አይደለም። ለእኔ ከሰባቱ ወር ውስጥ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄው ነው፤ ቅያሱ ለጋሪ ሳቢ ቀላል ከሆነ ትመጣለች፣ ከባድ ከሆነ ወረዳው ቢያዛትም ሁለት ሳምንት መጥታ ትቀራለች።

መንገዱ። ጉድጓዱን ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና ትንሽ አሸዋ ገዝተን፣ ግንበኛ ጎረቤታችን በአንድ እሁድ ከሰዓት ደፈነው። ከመነካካታችሁ በፊት ለብሎኩ ተጠሪ ንገሩ፣ ሥሩ ቧንቧ ሊኖር ይችላል። የቦይ ክዳን ከጠፋ ብረት አትግዙ፤ ብረት ከሆነ በሳምንቱ ቆራሌው ጋ ታገኙታላችሁ። በአርማታ አሠሩት። ባጃጁ ልጅ ጋ ደግሞ ሄደን አልተቆጣንም፤ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲያወጣው ለመንነው፣ እሺ አለ። ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ክብደቱ። ማዳበሪያ የሚያከብዱት አራት ነገሮች ናቸው። አመድ፣ የጫት ገራባ፣ የአትክልት ልጣጭና የዝናብ ውሃ። ልጣጩን ጓሮ ያላችሁ ቅበሩት፣ ለአትክልት ይሆናል። ጓሮ የሌላችሁ ውሃውን አጠንፍፋችሁ ለብቻ ያዙት። ገራባ ደርቆ ቢወጣ ግማሽ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጣሪያ ሥር አንድ ቀን ማቆየት ነው። ክረምት ላይ ማዳበሪያውን ማታ አውጥታችሁ በር ላይ አትተዉት። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ጠዋት ሁለት ሰው አያነሳውም፣ የሚንጠባጠበውም እነሱ ጀርባ ላይ ነው።

አመዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። የእኛ ቤት ጥፋት ነው። ማታ ቡና የተፈላበት ከሰል ጠፍቷል ብለን አመዱን ማዳበሪያ ውስጥ ጨመርነው። ጠዋት ጋሪው ላይ ሲጫን ረመጡ አልጠፋም ነበር፤ አየር ሲያገኝ ከሥር ጀምሮ ጨሰ። የአንዷ ሴት ሽርጥ ጫፉ ተቃጠለ፣ እሷ ግን እግዜር ይመስገን ደህና ናት። ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቃ አዲስ ሽርጥ ገዛችላት። ለአንድ ወር ያህል ጋሪው እኛ በር ላይ ሲደርስ "አመድ አለው?" ይሉን ነበር፣ እየሳቁ፣ ግን ከልባቸው። አመድ በቆርቆሮ ሁለት ቀን ይደር፣ ውሃ ይርከፈከፍበት፣ ከዚያ ይውጣ።

ስለታሙ። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ጠቅልላችሁ በእስክሪብቶ "ብርጭቆ" ብላችሁ ጻፉበት። የስኳር ሕመምተኛ ቤት ካለ የመርፌው ነገር የግድ ነው፦ ያገለገለ መርፌ ወፍራም የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይጥበቅ። የሕክምና ጣቢያችሁ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ምላጭም እንደዚያው። ጓንታቸው ስስ ነው።

ፌስታል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ አዋጁን ተዉትና ለጋሪ ሳቢዋም ፌስታል መከራ ነው። ስታነሳው ይቀደዳል፣ ከዚያ በእጅ መልቀም። ማዳበሪያ ወይም ሻራ ይሻላል፤ ገልብጣ ባዶውን ትመልስላችኋለች። በማዳበሪያው ላይ የቤት ቁጥር ጻፉበት፣ አለበለዚያ "የኔ አዲስ ነበር" የሚል ጠብ ይነሳል።

ሃይላንዱ። የውሃ ላስቲኩን ለቆራሌው አትሽጡት። ለብቻ ሰብስባችሁ ለጋሪ ሳቢዎቹ ስጡ። ለእናንተ ሳንቲም ነው፤ ከ34 ቤት ሲሰበሰብ ግን ለእነሱ ወደ ቅያሱ ለመግባት ምክንያት ይሆናቸዋል። የዚህን ሐሳብ ያመጣው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። አዋቂዎቹ የሞተር ጋሪ እንዴት እንደሚገዛ እየተከራከርን ነበር።

5. ከማህበሩ ጋር ግማሽ ገጽ ስምምነት

ከላይ ያለውን ስትጨርሱ የማህበሩን ሰብሳቢ ጥሩና ቅያሱን አብራችሁ ዙሩ። የተደፈነውን አሳዩ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፦ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ጋሪው እስከ የት ይገባል፣ ሲገባ ምን ይደረጋል (እኛ ጋ ፉጨት ነው፣ ረጅም ሁለቴ)፣ መምጣት ካልቻሉ ለማን ይደውላሉ። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። እንደማይመጡ በማለዳ ከታወቀ ማዳበሪያው ቤት ይቆያል፤ ካልታወቀ ፖሉ ሥር ያድራል።

የገንዘብ ነገር ይነሳል። የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ነው የምንከፍለው። ስለዚህ "በየቤቱ ትንሽ ትንሽ እንጨምርላቸው" የሚለውን እኔ አልደግፍም። ለምን? መጀመሪያ ሁሉም ይከፍላል፤ በሦስተኛው ወር እጅ ያጠራቸው ሁለት ቤቶች ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ጋሪው እነሱን እየዘለለ ያልፋል፤ የነሱ ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ደግሞ አንድ ቆጣሪ ለአምስት ለስድስት ቤት ይዘው፣ ቢሉ ላይ ያለውን መካፈልም ራሱ ያጣላቸዋል። የበዓል ስጦታ ሌላ ነገር ነው። ሻይ፣ ውሃ፣ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ሌላ ነገር ነው። እሱን ማንም ሳይጠይቃችሁ አድርጉት። ጎማው ሲበላሽም አንዴ አዋጥተን አሠርተናል፤ እሱም ለጎማ እንጂ ለመምጣት አይደለም። ልዩነቷ ቀጭን ናት፣ ግን አለች።

6. ደብዳቤው

አሁን ወረዳ። የጽዳት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ባዶ እጅ አትሂዱ፤ በቃል የተነገረ ነገር እዚያው በር ላይ ይቀራል። እኛ በመጀመሪያው ዙር የጻፍነው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነበር፣ "ቸልተኝነት" የሚል ቃል አምስት ጊዜ ነበረበት። የሕግ ተማሪ ጎረቤታችን ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 ሙሉውን ገልብጦበታል። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለን እውነት ነው፣ አንድ መስመር ግን ይበቃል። ያን ደብዳቤ ማንም አላነበበውም። ሁለተኛው ይሄን ይመስል ነበር፦

ቀን ______
ለ______ ወረዳ ጽዳት አስተዳደር ጽ/ቤት
ጉዳዩ፦ የቤት ለቤት የቆሻሻ አሰባሰብ በቅያሳችን እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

እኛ በቀጠና ___ ብሎክ ___ የምንኖር 34 ቤቶች፣ ከ______ ወር ጀምሮ የቆሻሻ ጋሪ ወደ ቅያሳችን መግባት በማቆሙ ተቸግረናል። መንገዱ ላይ የነበረውን ጉድጓድ በራሳችን ወጪ ደፍነናል፤ የማለፊያውን ስፋት ለክተናል፤ ከማህበሩም ጋር ቀንና ሰዓት ተስማምተናል። አሁን የሚቀረው፦ ሀ) ረቡዕና ቅዳሜ በቅያሱ ውስጥ የሚደረገው ስምሪት በጽ/ቤቱ እንዲጸናልን፤ ለ) ገንዳው በሚሞላበት ጊዜ የሚነሳበት ቀን እንዲነገረን ነው። የነዋሪዎች ፊርማ፣ የሦስት ሳምንት መዝገብ፣ ፎቶና የውሃ ቢል ቅጂ አያይዘናል።

ግልባጭ፦ ለወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ጽ/ቤት፣ ለማህበሩ

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ "ችግሩ ይፈታልን" አትበሉ። የምትፈልጉትን በቀንና በቦታ ጻፉት፣ እሺ ወይም እንቢ የሚባል ነገር ይሁን። ሁለተኛ፣ ደብዳቤው ሰብሳቢዎቹን አይክሰስ። ከወረዳ እስከ ቅያስ ባለው መሰላል ላይ ታች ያሉት እነሱ ናቸው፤ ቁጣው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፣ ጎማውም ሳይጠገን ሰዎቹ ይቀየራሉ። ግልባጭ ለማህበሩ የሚደረገውም ከጀርባ የተሠራ ነገር እንዳይመስላቸው ነው።

በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ያስቀራሉ፣ ሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አጽፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ቁጥሩ ከሌላችሁ ደብዳቤ የላችሁም። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት፤ ጎልማሳው ይናገራል፣ ወጣቱ ስልክ ቁጥርና ስም ይመዘግባል። "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" መባላችሁ አይቀርም። "እንጠብቃለን" ብላችሁ ቁጭ በሉ። እኛ በሦስተኛው ምልልስ ነው ያገኘናቸው፤ ሲያገኙን ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ቅያሱን ሊያዩ በአካል መጡ። በዚያ ቀን ቅያሱን አላጠብነውም፣ አላስዋብነውም። ፖሉ ሥር ያለውን ክምር እንዳለ ተውነው። ይዩት።

በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ለክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ለከተማው ጽዳት አስተዳደር ኤጀንሲ። ደረጃ አትዝለሉ፤ ከዘለላችሁ ወደ ታች ይመልሷችኋል፣ ሌላ ወር ይሄዳል። ወረዳው ነዋሪ ሰብስቦ በሚያወያይበት ቀንም ሁለት ሰው ይገኝና ቁጥሩን ጠቅሶ ይጠይቅ። ሰው ሁሉ ፊት የተጠየቀ ነገር መልስ ያገኛል።

7. መንገዱ በእውነት የማያሳልፍ ከሆነ

አንዳንድ ቅያስ ደረጃ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ያን ጊዜ ቢሆን "አስፋልት ድረስ" የሚለውን ወዲያው አትቀበሉ። መሃል ላይ ጋሪው መድረስ የሚችልበትን ነጥብ ፈልጉ፣ ማዳበሪያ በዚያ ነጥብ ላይ የሚወጣው ጋሪው ሲያፏጭ ብቻ ይሁን። ቀድሞ የወጣ ማዳበሪያ ክምር ይወልዳል። ለአዛውንትና ለወላድ ቤት የሚሸከም ተረኛ ወጣት መድቡ፣ ስሙ በር ላይ ይለጠፍ። እኛ ጋ ከውስጠኛው ጫፍ ያሉ አራት ቤቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ከነሱ አንድ ማዳበሪያ ቀርቶ አያውቅም። ቅርብ ያለነው ነን የምንረሳው።

ማቃጠልን ደግሞ አታስቡት። አንድ ቤት ሞክሮ የዳይፐርና የላስቲክ ጭሱ ሦስት ቤት አሳለው።

8. ከተመለሰ በኋላ

ጋሪው በተመለሰ ሰሞን ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ደብተሩ ይቆማል። አታቁሙት። በሳምንት ሁለት መስመር ነው። እኛ ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ተከታታይ ሲቀሩ ወዲያው የደወልነው ደብተሩ ስለነበረ ነው፤ የገንዳው መኪና ተበላሽቶ ኖሯል፣ ሰው ማዳበሪያውን ቤት አቆየ፣ ፖሉ ሥር አንድም ፌስታል አላደረም።

ፖሉ ሥር ያለውን ቦታ ባዶ አትተዉት። ባዶ ቦታ ፌስታል ይጠራል። እኛ አሮጌ ጎማ ሁለት ለሁለት ቆርጠን አፈር ሞልተን ጤና አዳምና በሶብላ ተከልንበት። ከፊት ለፊት ያሉት እናት ውሃ ያጠጡታል፣ ለቡና ጤና አዳም የሚፈልግ ሰው እሳቸውን ያስፈቅዳል። መስኮታቸውም ተከፍቷል።

አምስቱ ሰዎች በየስድስት ወሩ ይቀየሩ፣ ቢያንስ ሁለቱ። መሥሪያ ቤት የሚመላለሰው ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ እውነቱን ነው።

የበዓል ማግስት የራሱ ጣጣ አለው። ድሮ ቆዳ ሲባል በር ላይ የሚገዛ ሰው ይሻማበት ነበር፤ አሁን ዋጋው ወድቆ ብዙ ቤት የበግ ቆዳውን ከነፈርሱ ወደ ማዳበሪያ ይጨምራል። ጋሪ ሳቢዎቹም በዓል አላቸው፣ ማግስቱን ላይመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ደውሉና መቼ እንደሚመጡ እወቁ። ቆዳውን የሚወስድ ካላችሁ በዕለቱ ስጡ፤ ከሌለ ጨው ነስንሳችሁ ጠቅልሉት። ፈርሱን ጓሮ ቅበሩ። የዶሮ ላባውን ደግሞ ሳይበተን ለብቻ እሰሩት፤ እርጥብ ላባ ጋሪው ላይ ከተጣበቀ እስከ ሳምንቱ አይለቅም።